አይጠፌና ሳይጠፋ የተለወጠው ማሽን

ዋኘው አንዲት የቀለም ብሩሽ ነበረችው፤ ቀለም ግን ነክታ አታውቅም። ጧት ጧት፣ እኔ የሰሊጥ መጋዘኑን የሚዛን ቤት ወለል ጠርጌ ሳልጨርስ፣ በርከክ ይልና ማሽኑ አየር በሚስብበት ወንፊት ላይ ያደረውን የሰሊጥ ገለባ በዚያች ብሩሽ ያራግፋል። ግራ እጁን ከብሩሿ ሥር እንደ ሰፌድ ይዘረጋል። የወደቀውን ገለባ በመዳፉ ሰብስቦ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይጨምረዋል እንጂ ወለሉ ላይ አይጥለውም። «እትዬ አሰበች ገና አሁን ጠርገው» ይላል። ከዚያ ብሩሿን ከመስኮቱ አጠገብ ካለችው ሚስማር ላይ ይሰቅላታል። ማታ ትሁን ሸሚዙን ስታጥብ ከኪሱ የምታወጣው ገለባ አንድ ጭብጥ ይሞላ ነበር።

ትሁን ሚስቱ ናት፣ የእኔም ጎረቤት። አጥራችን አንድ ነው። ስለዚህ የዋኘውን ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ከአጥሩ ማዶ ሰምቻለሁ።

ዋኘው የሳንጃ ሰው ነው። ወደ ከተማችን፣ ወደ ገንዳ ውሃ የመጣው ራዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ከሱዳን የሚገቡትን ራዲዮኖች ሆድ እየከፈተ ይሰፋ ነበር። በኋላ ጎንደር ሄዶ አጭር የኮምፒውተር ትምህርት ተማረና የገበሬዎቹ ማኅበር የሰሊጥ መጋዘን ሲሠራ የማሽን ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር የጄኔሬተሩን ቁልፍ ያስር ነበር።

ማሽኑ ሰርቨር ይባላል። ከቁም ሣጥን ያነሰ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የበለጠ ጥቁር ሣጥን ነው። በውስጡ ሦስት ሥራ ይሠራል። መኪናው ከነጭነቱ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ክብደቱን ይይዛል፣ የመኪኖቹን ተራ ይጠብቃል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ችግሩ ያለው ተራ ጠባቂው ላይ ነው። ያንን ፕሮግራም የሠራው ሰው ከዓመታት በፊት ሥራውን ለቆ ሄዷል። ፕሮግራሙም ተራውን በጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማሽኑ ከጠፋ ማን ቀድሞ እንደመጣ ይረሳዋል።

አንድ ዓመት በኅዳር ጠፋ። መኪኖቹ ከመጋዘኑ በር እስከ መናኸሪያው ተሰልፈው ነበር፤ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሰንብተዋል። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ሁሉም «ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። የመኪና መስታወት ተሰበረ፣ የአንድ ረዳት ጥርስ ወለቀ። ፖሊስ መጥቶ ተራውን በዕጣ አደረገው፤ ዕጣው ወደ ኋላ የጣለው ሁሉ እስከ ዛሬ አኩርፏል። ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑ ደንብ፣ የመጨረሻዋ መኪና ሳትራገፍ ማሽኑ አይጠፋም የሚል ሆነ።

ያንን ደንብ የያዘው ዋኘው ነው። ሁለት የመኪና ባትሪ ገዝቶ ደረደረ። መብራት ሲሄድ፣ እኔ መብራት መሄዱን ሳላውቅ፣ ጄኔሬተሩ ይነሣል። በራሱ እጅም አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤ ሥራዋ ማሽኑ ሳይጠፋ ስንት ቀን እንደቆየ መቁጠር ብቻ ነው። ቁጥሩ በስክሪኑ ጥግ በአረንጓዴ ይታያል። ሾፌሮቹ በመስኮቱ ሲያልፉ ያዩት ዘንድ ስክሪኑን ወደ ውጭ ዘወር አድርጎ ነበር የሚያስቀምጠው።

«አይጠፌ፣ ዛሬስ?» ይሉታል።

«አለች» ይላል፤ ቀና ሳይል።

አይጠፌ ያለው አገኘሁ የሚባል የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ትሁን እንኳ ስትቆጣው «አቶ አይጠፌ፣ እራትህ ቀዝቅዟል» ትለዋለች።

የምተርከው ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ መኪና እንደ ጉንዳን በተሰለፈበት ሳምንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰማኸኝ ከጎንደር ስልክ ተደወለለት። በማሽኑ ከርነል ላይ ስንጥቅ ተገኝቷል አሉት። የአንዲት ትንሽ ክፍል ቁልፍ ብቻ የያዘ ሰው በዚያ ስንጥቅ ሾልኮ የቤቱ ሁሉ ጌታ መሆን ይችላል፤ ከፈለገ ተራ ይለውጣል፣ ከፈለገ ክብደት ይቀንሳል።

ከርነል ምን እንደሆነ ዋኘውን ጠየቅሁት።

«እትዬ አሰበች፣ ቤት ነው ብለው ያስቡት» አለኝ። «ፕሮግራሞቹ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ከርነሉ መካከል ላይ ያለው ምሰሶ ነው፤ ሁሉም የተደገፈው እሱን ነው።»

«ታዲያ ምሰሶው ከተሰነጠቀ ይለወጣላ።»

«ይለወጣል። ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ነው። በጥር፣ መኪናው ሲያልቅ አደርገዋለሁ።»

«ፈረደ ሰው ቤት ውስጥ እያለ ምሰሶ ይለውጥ የለም እንዴ?» አልኩት።

ፈረደ የሠፈራችን አናጢ ነው። በእኛ አገር ምስጥ ምሰሶ ይበላል። የተበላውን ምሰሶ፣ ክዳኑ ሳይወርድ፣ ሰውም ሳይወጣ፣ በባላ ደግፎ መለወጥ የፈረደ እንጀራ ነው።

ዋኘው ብሩሿን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። «ያ እንጨት ነው» አለና ወጣ።

በማግስቱ አንዲት ልጅ ከጎንደር አውቶቡስ ወረደች። ሰገነት ትባላለች። አጭር፣ ጠይም፣ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፣ ሰማያዊ የሸራ ቦርሳ ያነገበች። ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የላካት። ሰማኸኝ የራሱን ወንበር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለውን፣ ከቢሮው አስወጥቶ ማሽኑ ፊት አስቀመጠላት። ዋኘው በዚያ ቤት ሲሠራ ስንት ዓመቱ ነው፤ የሚቀመጠው በባዶ የዘይት በርሜል ላይ ነበር። ወንበሩን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እኔም መጥረጊያዬን አየሁ።

«አይጠፋም ነው የምትይው?» አላት ሰማኸኝ።

«አይጠፋም።»

«ሚዛኑ ላይ መኪና ቆሞ እያለ?»

«መኪናው አያውቅም። ሁለት ቀን አጥንቼው፣ ሰኞ እሠራዋለሁ።»

ዋኘው ከበርሜሉ ላይ ሆኖ «እኅቴ፣ ሰው እያኘከ ጥርሱ ይነቀላል?» አላት።

«የሚነቃነቅ ከሆነ ይነቀላል፣ ጋሽ ዋኘው» አለች።

ሰማኸኝ ሣቀ። ደረሰኝ ቆራጩ ሣቀ። አገኘሁ በመስኮቱ ጭንቅላቱን አስገብቶ «አይጠፌ፣ ጥርስህን ያዝ» አለው። በዚያ ቤት ሰው የሚያስቅ ዋኘው አልነበረም፤ ይሁንና ሣቁ የእሷ መሆኑ እንዳንገበገበው ፊቱ ላይ አየሁ።

ያን ሰሞን ገንዳ ውሃ አልጋ የለም። ሆቴሉን ሁሉ የሰሊጥ ነጋዴና ባለሀብት ይዞታል፤ ለቀን ሥራ የመጣው ሰው በረንዳ ላይ ነው የሚተኛው። ሰማኸኝም «ዋኘው፣ ልጂቱ አንተ ቤት ትረፍ። ትሁን እንግዳ ትወዳለች» አለው። እውነቱን ነው፣ ትሁን ትወዳለች። ይህ ደግሞ ለዋኘው ሌላ እሳት ሆነበት።

ትሁን ለልጂቱ የመተማ ዮሐንስ አክስቷ የሰጠቻትን አበባ ያለበት ብርጭቆ አወጣችላት። ሙቀቱ እንዳይጎዳት ብላ የከርከዴ አበባ ዘፍዝፋ በእንስራ አቀዘቀዘችላት። የጫማዋንም ማሰሪያ በጅማት ሰፋችላት። ዋኘው ከርከዴውን ቀምሶ «ስኳር የለውም» አለ።

«ለሁላችሁም ከአንድ እንስራ ነው የቀዳሁት» አለች ትሁን።

«የእኔ የለውም።»

«እንግዲያው አፍህ ነው» አለችው።

ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰምቼ ብቻዬን ሣቅሁ፤ በኋላ ግን አዘንኩለት። ሰው ቅናት ሲይዘው መጀመሪያ የሚጠፋው የምላሱ ጣዕም ነው። ልጂቱ ላፕቶፗን ከፍታ ስትሠራ በትከሻዋ በኩል እያለፈ ያያል፤ ቀና ስትል ጣሪያ የሚያይ ይመስላል። እሷ አንድ ነገር ስትጠይቀው «መጽሐፉ ላይ የለም እንዴ?» ይላታል። እሷ «የለም፣ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው» ስትለው ደግሞ ያንን መልካም ቃሏን ሌሊቱን ሲያላምጠው ያድራል፤ ትሁን ናት የነገረችኝ።

እሑድ ፈረደ መጣ። ዋኘው የቤቱን ምሰሶ ከሰሊጡ በኋላ አስለውጣለሁ እያለ ከርሟል። ትሁን ግን ምሰሶውን በጣቷ ስታንኳኳው እንደ ቅል ስለጮኸባት፣ ሳትነግረው ከፈረደ ጋር ቀን ቆርጣ ነበር። እኔም ምጣድ አበድሪያት ነበርና በዚያ ሰበብ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ፈረደ አራት ባላ አስገባ። እያንዳንዱን ከአግዳሚው ሥር አቁሞ፣ ከታች ድንጋይ እያስገባ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ ወጠረው። ትሁን ወጡን ከምድጃው አላወረደችም። ሰገነት መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አንሥታ ታያለች።

«ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ይውረድ» አለ ፈረደ። «የሰው ነገር ታስሮበት ምሰሶ አይወጣም።»

ወንፊቱ ወረደ። የትሁን ነጠላ ወረደ። ጃንጥላው፣ የአጃ ቋጠሮው፣ የጨው ቅሉ ወረደ። ፈረደ ምሰሶውን ከሥሩ ነቅንቆ ሳበው። እምቢ አለ። እንደገና ሳበ። ቆመና ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ያ ሽቦ የማን ነው?»

ከምሰሶው አናት ላይ ተጠምጥሞ በክዳኑ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ የመዳብ ሽቦ ነበር። ጭስ አጥቁሮት ከእንጨቱ አይለይም።

«የእኔ ነው» አለ ዋኘው። ገንዳ ውሃ ሲመጣ ለመጀመሪያ ራዲዮኑ የዘረጋው አንቴና ነው። ራዲዮኑ ከተሸጠ ቆይቷል።

«ታዲያ ፍታው። ማን እንዲፈታልህ ነው?»

ዋኘው በርጩማ ላይ ወጥቶ ፈታው። ምሰሶው ያን ጊዜ ወጣ፤ እግሩ ተበልቶ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ ነበር። አዲሱ የወይራ ምሰሶ ገባ። ባላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ቤቱ አንዴ እንኳ ሲጥ አላለም፤ ወጡም መፍላቱን አላቋረጠም።

«ቤቱ ራሱ አላወቀም» አለ ፈረደ፣ እጁን እያራገፈ። «ዋኘው፣ ዝናብ ሳይመጣ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ምስጥ ዘመድ የለውም።»

ሰገነት ወደ ዋኘው ዞራ «ነገ የምሠራው ልክ ይህን ነው፣ ጋሽ ዋኘው» አለች። ደስታዋ የልጅ ነው፤ ተንኮል የለበትም። ዋኘው ሽቦውን በእጁ እየጠቀለለ ወጣ። ቤቱ እንኳ ለእሷ መሰከረላት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሥራ ተጀመረ። እኔ መስኮቱን እወለውላለሁ። ሰማኸኝ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ዋኘው ብሩሿን ይዞ በርሜሉ ላይ ነው። ሰገነት ለሰማኸኝ ስታስረዳ ሰማሁ። የተሰነጠቀውን ቁራጭ አትነቅለውም። አዲሱን ቁራጭ ከጎኑ ታቆመዋለች፤ ወደ አሮጌው የሚመጣ ሁሉ መንገዱ ወደ አዲሱ ይዞርለታል። ሰዎቹ ሥራቸውን አይተዉም፣ የሚረግጡት መሬት ብቻ ይለወጣል። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሲዞር አሮጌው ላይ የቆመ ሰው መኖር የለበትም።

የአገኘሁ ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰገነት ኪቦርዱን ነካች። ስክሪኑ አንድ መስመር መለሰላት። አነበበችው። ደግማ ነካች። ያው መስመር መጣ።

«ምን አለ?» አለ ሰማኸኝ።

«አልገባም አለ። አሮጌው ላይ አንድ ፕሮግራም ቆሟል፤ አይወጣም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ስሙን ፈለገች። ስሙ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። «ጋሽ ዋኘው፣ ይህን ያውቁታል?»

ዋኘው ከበርሜሉ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ።

«አላውቀውም» አለ።

ያወቀው ገና ስሙን ሳትፈልገው ነው። ያች ቀን ቆጣሪዋ ፕሮግራም ናት፤ የእጁ ሥራ። ቀን እየጠበቀች አሮጌው ምሰሶ ላይ ተደግፋ የተኛችው እሷ ነበረች። ይህን ኋላ ለትሁን ነግሯት፣ ትሁን ለእኔ ነገረችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ያየሁት እጁን ብቻ ነው፤ የብሩሿን ፀጉር አንድ በአንድ ይነቅል ነበር።

ሦስተኛ ሞከረች። እምቢ አለ። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ሙቀቱም ነው፣ ሐፍረቱም ነው። ዋኘው አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። የጠረገው ፈገግታ ይመስለኛል።

«አጥፊያት ታዲያ፣ ያችን አንዷን» አለ ሰማኸኝ።

«የማን እንደሆነች ሳላውቅ አልነካትም። ተራው ከእሷ ጋር ተያይዞ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ማሽኑን እናጥፋና እንገላገል። ስንጥቁ እንዲህ ተከፍቶ አያድርም፤ ጎንደሮችም አጥፉ ብለውኛል፣ አንቺ ነሽ አይጠፋም ያልሽ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «እማማ አሰበች፣ ለሾፌሮቹ ይንገሩ። ተራችሁን በቃላችሁ ያዙ ይበሏቸው።»

ጨርቁን ይዤ ቆምኩ። ተራን በቃል መያዝ ምን እንዳመጣ ያች ከተማ አትረሳም። አገኘሁ ግን ከመኪናው ሆኖ ሰምቶት ነበር፤ ወረደና በመስኮቱ ቆመ። ከኋላው ሌሎቹም መጡ።

«ማን ነው የሚያጠፋው?» አለ። «አይጠፌ፣ አንተ ነህ?»

«አይጠፌ መባል ሰለቸው መሰለኝ» አለ ሌላው።

«በል፣ እኔ አሁን ሚዛን ላይ ነኝ። ከጠፋም እኔ ከወረድኩ በኋላ ይጥፋ።»

«አንተ ከወረድክ በኋላ? እኛስ የእንጀራ ልጅ ነን?»

መገፋፋት ጀመሩ። ቀልዱ ከፊታቸው እየወረደ ሲሄድ ይታያል።

ዋኘው ልጂቱ ከመጣች ጀምሮ የተመኘው እንዲህ ያለ ቀን ነበር። ልጂቱ ተሸነፈች፣ የእሱ ቃል ቆመ። ግን ማሽኑ ሲጠፋ የሚጠፋው የማን ስም ነው? ዝም ካለ ስሙ ይሄዳል፣ ሾፌሮቹም ይደባደባሉ። ከተናገረ የልጂቱ ቁራጭ ይገባል፣ እሷ የማይቻለውን ቻለች ይባላል። በሁለት በኩል ተቃጠለ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁጥር ሲያይ አየሁት፤ ሰው ጣቢያ ላይ የሚሸኘውን እንደሚያየው ነው ያያት።

ሰማኸኝ እጁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ዘረጋ።

«ቆይ» አለ ዋኘው። «የእኔ ናት።»

«ማን?»

«ያች የቆመችው። የእኔ ናት፣ ከተራው ጋር አልተያያዘችም።»

ሰገነት ወንበሩን ለቀቀችለት። አልተቀመጠበትም። ከጎኑ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ጥቂት ፊደል ነካ። የስክሪኑ ጥግ ባዶ ሆነ።

«አሁን ሞክሪ» አላት።

እሷም ቆማ ነካች። አገኘሁ ወደ መኪናው ሮጦ ነበር፤ ክብደቱ ወጣ፣ ደረሰኙ ተቆረጠ፣ ተሳቢው እየተንጓጓ ከሚዛኑ ወረደ፣ ቀጣዩ ወጣ።

«ገባ» አለች ሰገነት።

«መቼ?» አለ ሰማኸኝ።

«አገኘሁ ሚዛኑ ላይ እያለ።»

ሰማኸኝ ማሽኑን አየ፣ መኪናውን አየ። የሚያየው ነገር አልነበረም። ሾፌሮቹም ምንም ስላላዩ፣ ማሽኑን ያላስጠፋው ዋኘው ነው ብለው «አይጠፌ» እያሉ በመስኮቱ ጨበጡት። እጁን ሰጣቸው፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር። እሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። «አላውቀውም ብለው አልነበር እንዴ?» አላለችውም። ብታጋልጠው ኖሮ ይጣላትና ይገላገል ነበር። አሁን በጥበቧ ላይ ደግነቷም ተጨምሮበት፣ የሚቀናበት ነገር ሁለት ሆነ።

በበነጋው ስትሄድ ትሁን «ቦርሳዋን ያዝላት እንጂ» ብላው እስከ መናኸሪያ ሸኛት። እኔም ለአውቶቡሱ ረዳት የማደርሰው ጥቅል ስለነበረኝ አብሬ ሄድኩ። ልጂቱ ከቦርሳዋ አንዲት ፍላሽ አወጣች። በቀይ ክር አስራታለች፤ ክሩ ከትሁን መስፊያ ነው።

«ጋሽ ዋኘው፣ ትናንት የገባው ማሽኑ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው» አለችው። «ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ያው አሮጌው ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ከጠፋ፣ ሲነሣ ከነስንጥቁ ነው የሚነሣው። አዲሱ ከርነል ሙሉው እዚህ ላይ አለ። መኪናው ሲያልቅ ይጫኑትና አንዴ አጥፍተው ያስነሡት።»

«ለምን አንቺ ጭነሽው አትሄጂም?»

«ጭኖ ሳያስነሡ መተው ደግ አይደለም። አልነሣም ቢል በሰሊጥ መሐል ማን ይደርስልዎታል? ደግሞ ቤቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ በእጅዎ ቢያደርጉት ነው የሚያምር።»

«እሺ» አለ። ፍላሿን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጨመራት፣ ከገለባው ጋር።

መኪናው በጥር አለቀ። ግቢው ባዶ ሆነ፤ ፍየሎች ገብተው የፈሰሰ ሰሊጥ ይለቅሙ ጀመር። ሰማኸኝ አንዴ «ያች የጎንደሯ ነገር ተሠራች?» ብሎ ጠየቀው። «ዛሬ ነገ» አለው። ሰማኸኝም ረሳው። ሾፌሮቹ የቁጥሯን መጥፋት አይተው «ምነው አይጠፌ፣ የት ገባች?» ሲሉት «አረጀች» ብሎ ዝም አሰኛቸው፤ መልሶ ሊያስነሣት ይችል ነበር፣ አላስነሣትም።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። የቤቱን ምሰሶ እግር ፈረደ እንዳለው ሚያዝያ ሳይገባ የተቃጠለ ዘይት ቀባው፤ የእኔንም ቀባልኝ። የባትሪውን ውሃ ይሞላል፣ የጄኔሬተሩን ዘይት ይለውጣል። ያችን አንዲት ነገር ብቻ ነው የተዋት። ፍላሿን ትሁን ሸሚዝ ስታጥብ አግኝታ ስትሰጠው ወስዶ የሚዛን ቤቱ ሚስማር ላይ፣ ብሩሿ አጠገብ ሰቀላት።

«እንዳትረሳ» አለችው ትሁን።

«አልረሳም።»

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው? አንድ ቀን ሥራ አይደለም እንዴ?»

እሱም እንዲህ አላት። «አሁን የቆመው የእኔ ነው፤ የእሷ መጣፊያ ብቻ ነው ያለበት። ባጠፋው ግን የሚነሣው የእሷ ነው።»

ትሁን ይህን ስትነግረኝ አልሣቀችም፣ እኔም አልሣቅሁም።

ግንቦት ጠባ። ከድንበሩ ማዶ፣ በገላባት በኩል ደመና እየጠቆረ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይታይ ጀመር፤ ነጎድጓዱ ግን ገና አይደርስም። በዚያ ሰሞን ጧት ወለሉን ስጠርግ ዋኘው ገባ። ብሩሿን ከሚስማሩ ሲያነሣ ፍላሿ በቀይ ክሯ ተወዛወዘች። ቆም ብሎ አያት። ከዚያ በርከክ አለ፣ ግራ እጁን ዘርግቶ ወንፊቱን አራገፈ፤ ገለባ የለም፣ አቧራ ብቻ ነው። ሲጨርስ ብሩሿን መልሶ ሰቀላት።

«ዛሬ አይሻልም፣ ዋኘው?» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬው አላውቅም።

«ነገ፣ እትዬ አሰበች» አለኝና ጄኔሬተሩን ሊያይ ወጣ። ፍላሿ ሚስማሩ ላይ ቀረች።